የእጅጌው ማርክ

እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። ስንት የልብስ መደብር ባለበት በዚህ የስደት ከተማ ያን ሱቅ ማን ፈልግ አለኝ? የሚሸጠው የእንግሊዝ የወንዶች ልብስ ብቻ ነው። ሱፍ ኮት፣ ሰም የተቀባ የዝናብ ጃኬት፣ ጠፍጣፋ ኮፍያ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦቲ። ቦቲ! እኛ አገር ክረምት ሲገባ ከመርካቶ ገዝተን ጭቃ የምንረግጥበት ቦቲ፣ እዚያ ለብቻው መብራት በርቶለት መደርደሪያ ላይ ቆሟል። ገዢዎቹንም አየኋቸው። ከቢሮ ፎቅ ወርደው የባላገር ልብስ የሚለኩ ሰዎች ናቸው። ጭቃው ከየት እንደሚመጣላቸው እንጃ። ለማንኛውም እኔ የሄድኩት ለአባቴ ነው።

አባቴ ያን ጊዜ ከአዲስ አበባ ከመጡ ወር ሆኗቸዋል። ልጄ ሊያገባ ነው። የልጅቷ ቤተሰቦች ከከተማው ወጣ ብሎ ቸስተርሚር የሚኖሩ፣ ወግ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ሽማግሌ ካልተላከ ልጅ አይሰጡም። ሽማግሌዎቹን እንዲመሩልኝ አባቴን ለመንኩ። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ብርዱም አልተስማማቸውም፤ ግን ለልጅ ልጃቸው ሲሉ እሺ አሉ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። ሰው ፊት ቆሜ ልጅ የምጠይቅ ከሆነ፣ እንደ ወጉ የእንግሊዝ ሱፍ ኮት ልልበስ አሉ። በዕድሜዬ ከአባቴ አፍ ይሄን አድርግልኝ ሲሉ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ነው የሠሩት። ኮት ሳይለብሱ ከቤት ወጥተው አያውቁም፤ ሁሌም ታዲያ ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ የሰፋው ነው። አለቃቸው ግን የእንግሊዝ ኮት ነበረው። አይጨማደድም፣ አይለቅም፣ እያሉ ልጅ ሆነን ይነግሩን ነበር፤ እጅጌው ላይ ደግሞ ማርኩ አለበት። የማያውቅ ካለ ልንገረው፤ እኛ ዘንድ የኮት እጅጌ ላይ የተሰፋች ያቺ ትንሽ የፋብሪካ ማርክ አትነካም። ኮቱ ቢያረጅ ማርኩ አይነሳም። ሰው እጁን ሲዘረጋልህ ዓይንህ መጀመሪያ እዚያ ነው የሚያርፈው። ኮቱ ሰልባጅ አይደለም፣ ልብስ ሰፊ የገለበጠውም አይደለም ማለት ነው።

ሐሙስ ከሥራ ኦፍ ነበርኩ። ከሰፈራችን ከስካይቪው ራንች ተነስተን ዳውንታውን፣ መሀል ከተማ ገባን፤ ሦስቴ ዞሬ አንድ የበረዶ ክምር አጠገብ ፓርክ አደረግኩ። አባቴ ክንዴን ይዘው ገቡ። ሻጩ ጎልማሳ ነው፣ አንገቱ ላይ ሜትር አንጠልጥሏል። ትሁት ነው፣ ሐቁን መናገር ነው። አባቴ ግን ዞር ብለውም አላዩትም። በቀጥታ ወደ ኮቶቹ ሄዱና ጨርቁን በሁለት ጣታቸው እያሹ፣ ይሄ ሳስቷል፣ ይሄ ድብልቅ አለበት እያሉኝ አንድ በአንድ አለፏቸው። አንዱ ጋ ቆሙ። ወፍራም ቡናማ ነው፣ አረንጓዴ ፈትል ጣል ጣል ያለበት። ለበሱት። መስታወቱ ፊት ትከሻቸውን ሲያስተካክሉ፣ እውነቴን ነው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው አልመሰሉኝም። ግራ እጃቸውን አነሱና ማርኩን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉት። ይኼ ነው አሉ።

ከፈልኩ። ሻጩ ለብሰውት ነው ወይ የሚሄዱት አለኝ፣ አዎ አልኩት። ከመሳቢያው ትንሽ መቀስ አወጣ፣ የአባቴን ክንድ ያዝ አደረገ፣ ማርኩን በአፍታ ቆርጦ ጠረጴዛው ሥር ያለ ቅርጫት ውስጥ ጣለው። ሳይጠይቅ! ለካ በነሱ ደንብ ሲገዛ ወዲያው የሚነሳ ነገር ነው፤ አንዳንድ ሰዎች ሳያነሱት ይሄዳሉ አለኝ። ይሁና። ሰው ክንድ ላይ መቀስ ሲያነሱ ፈቃድ አይጠየቅም? አባቴ እንግሊዝኛ አይችሉም። እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። ሻጩን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ቀስ ብለው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

መኪና ውስጥ ስጮህ መጣሁ። ምን አባቱ ቆርጦት፣ ማን ነኝ ብሎ ነው፣ ነጭ ሽማግሌ ቢሆን አይነካውም ነበር አልኩ። ውሸቴን ነው፣ የሁሉንም ነው የሚቆርጠው። አባቴ በመስኮቱ በረዶውን ያያሉ። ኮቱን እመልሰዋለሁ አልኩ። ዝም። ሌላ እንፈልጋለን አልኩ። ዝም። ይኼ ዝምታቸው ደግሞ ያበግነኛል፤ ልጅ ሆኜም ያበግነኝ ነበር። ሰው እንዴት አንድ ቃል አይተነፍስም? ቤት ስንደርስ ኮቱን አውልቀው ሰቀሉትና ደክሞኛል ብለው ጋደም አሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሽማግሌዎቹ መጡ። አንደኛው ዶቨር ሰፈር የሚኖሩ የኤርትራ ሰው ናቸው፤ እዚህ ከተማ እንደ እሳቸው አማርኛ የሚናገር አላየሁም፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ሌላኛው ከቤተ ክርስቲያናችን ሰበካ ጉባኤ ናቸው። አባቴ ከፎቅ ወረዱ። የለበሱት አሮጌውን ኮት ነው፤ ከአዲስ አበባ ለብሰውት የመጡትን፣ ክርኑ አልቆ የሚያብለጨልጨውን።

በገንኩ። እንግዳ አለ የለም አላልኩም። ለዚህች ቀን ብለው አይደለም ወይ የጠየቁኝ፣ ለአንዲት ቁራጭ ጨርቅ ብለው የልጄን ጉዳይ ሊያበላሹት ነው ወይ አልኳቸው። አባቴን፣ ሰው ፊት። ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ደጅ ወጡ፣ ሌላኛውም ተከተሏቸው። አባቴ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"ሰውዬው ሥራውን ነው የሠራው፣ እሱን አልተቀየምኩትም" አሉ። "አንተ ግን አብረኸው ሳቅህ።"

አዎ፣ ስቄያለሁ። ከላይ አልጻፍኩትም፤ ሆን ብዬ ነው የዘለልኩት። ሻጩ አንዳንድ ሰዎች ሳያነሱት ይሄዳሉ ብሎ ፈገግ ሲል፣ አባቴ እኮ ኦልድ ስኩል፣ የድሮ ሰው ነው፣ ብትተውለት እስኪሞት አያነሳውም ነበር አልኩት በእንግሊዝኛዬ። እሱ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ለምን ቢባል፣ እኔ ደንቡን አውቃለሁ ለማለት ነው። እኔ እንደዚህ ሽማግሌ አይደለሁም ለማለት ነው፣ ያውም ሁለተኛ ለማላየው የልብስ ሻጭ። የራሴ የሠርግ ኮት እጅጌ ላይ እኮ ማርኩ እስከዛሬ አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ያንን ሰውዬ ስሰድብ የከረምኩት ስድቡ ለማን እንደሚገባ ጠፍቶኝ አይደለም።

ይቅርታ እንኳ ከአፌ አልወጣም። አባቴ በአሮጌው ኮታቸው ሄዱ። ከሦስት ሰዓት በኋላ ተመለሱ። ልጅቷ ተፈቅዳለች፤ ባለቤቴ እልል አለች፣ ልጄ አያቱን አቅፎ አልለቅም አለ። አባቴ መረቁት። እኔና እሳቸው ግን ዓይን ለዓይን አልተያየንም።

ጋሼን ወደ ቤታቸው የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። እንዴት ነበር አልኳቸው መንገድ ላይ። የልጅቷ ወገኖች ከባድ ነበሩ አሉኝ። ስለ ልጁ ሥራ ጠየቁ፣ ስለ ጠባዩ ጠየቁ፤ በኋላ አንድ አዛውንት፣ ልጃችን የምትገባበትን ቤት እንወቅ፣ ይሄን ልጅ ያሳደገው አባቱ እንዴት ያለ ሰው ነው አሉ።

"አባትህ ከመቀመጫቸው ተነሱ" አሉኝ ጋሼ። "ልጄ ነው፣ ሰው አክባሪ ነው አሉ። ከዚያ ወዲያ የጠየቀ የለም።"

መኪናውን ዳር ይዤ አቆምኩ። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። አባቴ ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም። ለእኔ ሲሉ ዋሹ፣ ወገኖቿም ልጅቷን በዚያ ቃል ሰጡን።