ማኅተም የተመታበት ግብዣ

ያኔ በደርግ ጊዜ ወላጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚጠራው ልጁ ሲያጠፋ ብቻ ነበር። «ወላጅ አምጣ!» ይባላል፤ ወላጁ ይመጣል፣ በልጆቹ ፊት ይሰደባል፣ ይሄዳል። አንዳንዱ ብልጥ ልጅማ ከመንገድ ላይ የማያውቀውን ሰው ለምኖ «አጎቴ ነው» ብሎ ያቀርብ ነበር። አዳማ ስምንተኛ ክፍል ማስተማር ስጀምር ይህን ልማድ እኔ ካልሰበርኩት ብዬ ተነሣሁ። ወጣት ነበርኩ፣ ትዕቢትም አያጣኝም ነበር። ምንም ያላጠፋ ልጅ ወላጅ በክብር ተጠርቶ እኩል ብንነጋገር ማን ይጎዳል?

መጀመሪያ የመረጥኩት የክፍሌን ጎበዝ ልጅ እናት ነበር። ገበያ ሽንኩርት እየሸጡ ብቻቸውን ያሳደጉት ሴት ናቸው፤ የትምህርት ቤቱን ግቢ ረግጠው አያውቁም። ልጁ ትምህርት ዘግይቶ ስለጀመረ አሥራ ሰባት ዓመት ሞልቶታል፤ በቁመቱ ደግሞ ከእኔ ይበልጣል።

ደብዳቤውን ጻፍኩ። ዳይሬክተራችን አየውና «ማኅተም ከሌለው ማን ይሰማዋል?» ብሎ ክቡን ማኅተም መታበት። እኔም ብሆን የመሥሪያ ቤት አማርኛዬን አልቆጠብኩም። «ልጅዎን በሚመለከት ጉዳይ ስለምንፈልግዎ ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት በአካል እንዲቀርቡ» ነው ያልኩት። ለግብዣ! ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ሰኞ እናትየው አልመጡም። ልጁም አልመጣም። ማክሰኞም ቦታው ባዶ ሆነ። የሚኒስትሪ ፈተና ሊደርስ አንድ ሳምንት ነው የቀረው፤ እሱ ካመለጠው ዘጠነኛ ክፍል የሚባል ነገር የለም። ረቡዕ ቤታቸው ሄድኩ።

በሩን ገርበብ አድርገው ብቻ ከፈቱልኝ። አስተማሪው መሆኔን ነግሬ ልጁ የት እንዳለ ጠየቅኳቸው።

«ልጅ የለኝም» አሉ። «ሂንጂሩ! የለም!»

ከኋላቸው የልጁ የትምህርት ቤት ሹራብ ሽቦ ላይ ተሰጥቶ ይታየኛል። በሩን ዘጉት።

ስመለስ አንዲት ጎረቤታቸው በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። «ምን ያድርጉ ብለሽ ነው?» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የኛን ሰፈር ልጆች ለብሔራዊ ውትድርና ሲወስዷቸው ከቀበሌ የመጣው ወረቀት እኮ እንዲሁ ነው የሚለው። በአካል ይቅረቡ። ማኅተሙም እንዲሁ ክብ ነው። ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ፤ በማግስቱ በጭነት መኪና ቆቃ አጎቱ ዘንድ ሰደዱት።»

ልጁን ከፈተና ያስቀረሁት እኔው ነበርኩ።

ሐሙስ ገበያ ወረድኩ። ወረቀት አልያዝኩም። ሽንኩርታቸው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጬ በተሰባበረ ኦሮምኛዬ «አካም ጂርቱ፣ እማማ?» ብዬ ሰላምታ ሰጠኋቸው። የሆነውን ሁሉ ተናዘዝኩ፤ ልጁን ለፈተናው እንዲመልሱት ለመንኳቸው። የሽንኩርቱን ደረቅ ልጣጭ እያራገፉ ሰሙኝ።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ማኅተሙስ?»

«የትምህርት ቤቱ ነው።»

«ትምህርት ቤቱስ የማነው?»

«የመንግሥት።»

«ልጅ አለሽ?» አሉ ቀጥለው።

«የሦስት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ።»

«እንግዲያው የፈተናው ቀን አምጪያት። የኔን አንቺ ትወስጃለሽ፣ ያንቺ እኔ ጋ ትውላለች። እጁን ይዘሽ ስትመልሺልኝ ያንቺን ትወስጃለሽ።»

የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

እንዴት እንደተናደድኩ! ልጄን መያዣ? ለደግነቴ ይሄ ነው ምላሹ? እያጉረመረምኩ ቤቴ ደረስኩ፤ በሩን ስከፍት ልጄ ሮጣ ጉልበቴን አቀፈች። ያን ጊዜ የተጠየቅኩት ነገር ገባኝ። እኔ በአንዲት ወረቀት የጠየቅኩት ያንኑ ነበር፤ ያውም ልዋጭ ሳልሰጥ።

ልጁ ከቆቃ መጣ። የፈተናው የመጀመሪያ ቀን ማለዳ ልጄን አስረክቤ እሱን ተረከብኩ። እያለቀሰች ነበር የተለየችኝ። ልጁ አዳራሽ ገብቶ ሲጽፍ እኔ ግቢው ውስጥ ስንቆራጠጥ ዋልኩ። በመንገዱ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ለአፈሳ የመጡ ይመስለኛል፤ ወዲያው ደግሞ ልጄ ትታየኛለች። በልታ ይሆን? ከቤት ወጥታ መንገድ ገብታ ይሆን? ሴትዮዋ ይዘዋት ቢሄዱስ? ያ ቀን አልመሽ አለኝ።

ደወሉ ሲደወል ሮጥኩ። እስከ ቤታቸው ድረስ እንደ እብድ ሮጥኩ። ልጄ በእናትየው ጀርባ ታዝላ እንቅልፍ ወስዷታል። እጄን ዘረጋሁ።

እሳቸው ግን ከኋላዬ ወደ መንገዱ እያዩ ነበር።

«የኔስ?» አሉ።

ክው አልኩ። እጁን ይዤ እመልሰዋለሁ ያልኩትን ልጅ ትምህርት ቤት ጥዬው መጥቻለሁ። ልጄን ጀርባቸው ላይ እንዳዘሉ በሩ ላይ ቆሙ። አጠገባቸው ቆምኩ። ልጁ ከሩብ ሰዓት በኋላ ብቻውን ብቅ አለ፤ በደህና ነበር። ያኔ ማዘያውን ፈትተው ልጄን ሰጡኝ።

«ነገ እኔው ራሴ አመጣዋለሁ» አሉ።

አመጡትም። ቀኑን ሙሉ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ዋሉ። ወንበር አወጣሁላቸው፤ አልተቀመጡም።