የየሻረግ ደረቅ ዓይን

የሻረግ ሙሾ ካወረደች ማን ችሎ! ከጋይንት እስከ እስቴ የከበደ ለቅሶ ሁሉ እሷን ይጠራል። አምና ግን ባጃጅ ተገልብጦ ጭንቅላቷን ተመታች። ደብረ ታቦር ታክማ ስትመለስ፣ ወይ ጉድ፣ ጆሮዋ ይሰማል፣ ድምፅዋም ያው ነው፤ ማኅሌቱም የሠርጉ ዘፈንም ግን እንደ በር ሲጢጥታ ሆነባት።

ሐኪሙ፣ «እናቴ፣ የሚሰማው የአንጎልዎ ክፍል ደህና ነው። ዜማውን ከስሜት ጋር የሚያገናኘው ነው የተጎዳው» አላት።

«ታዲያ ያ ሁሉ ውበት ከግጥሙ አልነበረም? እዚህች ሥጋ ውስጥ ነበር?»

ከባሏ ከጓዴ በቀር ነገሩን ለማንም አልነገረችም።

ዘንድሮ ታናሽ እህቷ ዓለሚቱ ሞተች። ኀዘኑ ሆዷ ውስጥ ደንዝዞ ተቀምጧል፤ የሚያወጣው ዜማ ግን የለም። የባሰችው ደግሞ የዓለሚቱ ልጅ ውባለም ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ አንዲት እንባ አልወጣትም፣ እህል አልቀመሰችም፤ ዓይኗን አፍጥጣ ትቀመጣለች።

«ይቺ ልጅ ካላለቀሰች ልቧ ይፈነዳል» አሉ ሴቶቹ። «ከየሻረግ ሌላ ማን ያስለቅሳታል?»

የሻረግ ዳሱ መሃል ቆመች። የምታውቀውን ሙሾ አወረደች። ሴቶቹ ደረታቸውን ደቁ፤ ውባለም ፍጥጥ። ሌላ ጨመረች፤ አሁንም ፍጥጥ! ድሮ የትኛው ስንኝ አንጀት እንደሚቆርጥ የሚነግራት የገዛ አንጀቷ ነበር። አሁን እሱ ዝም ብሏል። በመጨረሻም ግጥሙ አለቀባት። ሰው ሁሉ አፍ አፏን ያያል፣ ልጅቷ እየነጣች ነው፣ እሷን ላብ አጥምቋታል።

ጨነቃትና እውነቱን ተናግራ ልትገላገል አፏን ከፈተች። ልማድ ሆኖ በዜማ ወጣ፦

«እህቴ ሞታብኝ እንባ አልወጣልኝ፣
ምን ዓይነት ሰው ነኝ ምንም አይሰማኝ!»

ዳሱ በጩኸት ተናጠ። ሙሾ መስሏቸው ነዋ! እንዲህ ያለ ሙሾ ሰምተን አናውቅም ተባባሉ። እውነት መሆኑን የሚያውቀው ጓዴ ብቻ፣ ከወንዶቹ መሃል ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ።

ውባለም ቀስ ብላ ቀና አለች።

«እኔም እኮ… እኔም ምንም አይሰማኝም፣ አክስትዬ!» ብላ አንገቷ ላይ ወደቀች። ያኔ እንባዋ ወረደ፤ የየሻረግን ነጠላ አራሰው።

የሻረግ ጥብቅ አድርጋ አቀፈቻት። የራሷ ዓይን እንደደረቀ ነው። በልጅቷ ቀናች።

«አልቅሺ ልጄ» አለቻት በጆሮዋ፣ «የኔንም ጨምረሽ አልቅሺልኝ።»