የአባቴ ግራ እጅ

ትናንት በእድሩ ስብሰባ ድምፅ ማጉያው «እጅ አውጡ!» ሲል ሰዉ ሁሉ አወጣ፤ እኔ አላወጣሁም። ግትር አሉኝ። ይበሉ። እኔ በደርግ ጊዜ ያየሁትን አይቻለሁ።

ልጅ ነኝ። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር፣ ከዋርካው ሥር የቀበሌ ስብሰባ ተቀምጠናል። ታንኳ የሚሠራበት እርጥብ ደንገል ይሸታል። ሊቀ መንበሩ «ይውደም!» ባለ ቁጥር ሰዉ ግራ እጁን ያወጣል። ሲል ሲል ቆየና በዚያው ድምፅ «ታንኳ ሠሪው ፀረ አብዮት ነው፤ ይታሰር!» አለ። ታንኳ ሠሪው የእናቴ ወንድም ነው። እጅ ሁሉ ወጣ። ቀና ብል የአባቴም ወጥቷል!

አባቴ የሰው እጅ ያየ ይመስል አፈጠጠበት። በቀኙ ይዞ አወረደውና ተነሣ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ እጄ ቀደመኝ እንጂ እኔ ገና አላሰብሁም።»

«ድምፅህን ሰጥተሃል፣ ተቀመጥ!»

«እንግዲያው እጄን እሰሩት። እኔ አልፈረድሁም።»

ማንም አልሳቀም። አጎቴንም አባቴንም አስነሥተው ወሰዷቸው። አባቴ እየሄደ ዞር አለና «አንተ ልጅ፣ እጅህን አውርድ!» ብሎ ጮኸብኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። የእኔም ግራ እጅ ተሰቅላለች። መቼ እንዳወጣኋት ዛሬም አላውቅም።