ሙጫው እስኪቀልጥ

የአባ ሙጫ የግል ማኅደር አርባ ሦስት ገጽ ነው። የተቀጠሩበት ቀን፣ የወሰዱት ፈቃድ፣ ሁለት የምስጋና ደብዳቤ፣ በመጨረሻም ባለፈው ወር እኔ ራሴ ያስገባሁት የሞት ማስረጃ። ሁሉም በቦታው ነው፤ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። እሳቸው ግን እዚያ ውስጥ የሉም። ስለዚህ መዝገቡ የማያውቀውን እዚህ እጽፋለሁ።

የከተማው ሠራተኞች ማኅደር የሚቀመጥበት መዝገብ ቤት ምድር ቤት ነው። ከመደርደሪያዎቹ ማዶ፣ ከአንዲት ከፍ ያለች መስኮት ሥር፣ የጠራዡ ጠረጴዛ አለ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ስመደብ አባ ሙጫ እዚያ ሃያ ዓመት ሠርተው ነበር። ቅጽል ስሙን ማን እንዳወጣላቸው አላውቅም። ጣቶቻቸው ላይ ግን ሁልጊዜ የደረቀ ሙጫ ስለማይጠፋ ሲጨብጡኝ ይቧጥጠኝ ነበር።

ጠዋት ጠዋት ከቆዳ የተሠራውን ደረቅ ሙጫ ስባሪ ከውኃ ጋር በትንሽ ብረት ድስት አድርገው ምድጃው ላይ ይጥዱና፣ ቆመው፣ ድምፃቸውን ሳይደብቁ «አባታችን ሆይ» ይላሉ። ከዚያ ጎረቤቱን፣ በሽተኛውን፣ የቢሮውን ሰው ሁሉ በየተራ ያነሳሉ። አሜን ሲሉ ሙጫው ቀልጧል። ሰዓት አያስፈልጋቸውም ነበር።

ታይፒስቷ ከወዲያኛው ክፍል ትለክፋቸዋለች።

«አባ ሙጫ፣ ዛሬስ ረዘመ! ኃጢአቱ የበዛው የእርስዎ ነው የሙጫው?»

«ሙጫውስ ንጹሕ ነው እቴ። አንቺን ሳነሳ ነው የረዘመብኝ።»

«እሰይ! እንግዲያው ባል እንዲሰጠኝም ይጨምሩበታ።»

«እሱንማ ከጨመርኩ ሙጫው ድንጋይ ይሆናል።»

እንዲህ ስንስቅ ክፉው ዘመን መጣ።

አንድ ልጅ ነበራቸው፤ የከተማው ውኃ ክፍል የቧንቧ ሠራተኛ። የጦርነቱ ተኩስ ወደ ከተማው ዳር በቀረበበት ሳምንት የተሰበረ መስመር ሊጠግን የመሣሪያ ሳጥኑን ይዞ ወጣ። መስመሩ ተጠግኖ ተገኘ። ልጁ አልተገኘም። አስከሬን የለ፣ ወሬ የለ፣ አየሁት የሚል ሰው የለ።

አባ ሙጫ በሳምንቱ ሥራ ገቡ። በዚያው ጠዋት ምድር ቤቱ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ሸተተ። ሮጬ ስደርስ ድስቱ ላይ ጭስ ይወጣል፣ እሳቸው አፋቸውን እንደ ከፈቱ ቆመዋል።

«አባባ፣ ሙጫው!»

ድስቱን ያወረድኩት እኔ ነኝ። በኋላ ወንበራቸው ላይ አረፍ ሲሉ ነገሩኝ።

«‹ፈቃድህ ይሁን› የምትለው ጋ ስደርስ ምላሴ አልላወስ አለኝ። ሳላምንባት ብናገራት ለእግዜር መዋሸት ነው። ዘልዬ እንዳላልፋት ደግሞ ያየኛል። እንዲሁ ቆሜ ቀረሁ።»

በማግስቱ የደውል ሰዓት ይዘው መጡ። ከዚያ በኋላ የሙጫውን ልክ የሚነግራቸው እሱ ሆነ። ሰዓቱ እስኪጮኽ በዝምታ ይቆማሉ፤ ታይፒስቷም መልከፍ ተወች። እሑድ እሑድ ግን ቤተ ክርስቲያን አይቀሩም ነበር። አንድ ቀን ምን እንደሚሉ ብጠይቃቸው፣ «ምንም አልል። እቀመጣለሁ። እስካሁን ውጣ ያለኝ የለም» አሉኝ።

አምስት ዓመት እንዲህ ሄደ።

በመዝገብ ቤታችን ደንብ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ምንም ያልተጨመረበት ማኅደር ከመደርደሪያው ወጥቶ ይጠረዝና ዝግ ክፍል ይገባል። ዝርዝሩን የማወጣው እኔ ነኝ፤ የማወጣውም በቁጥር ብቻ። በስም ከሆነ ሰው ለወዳጁ ያዳላል ብዬ አሠራሩን ያመጣሁት ራሴ ነኝ፤ እኮራበትም ነበር። አንድ ቀን ስድሳ ማኅደር በጋሪ ወደ ጠራዡ ላክሁ። ከሰዓት በኋላ ቁጥሮቹን ከስም መዝገቡ ጋር ሳመሳክር እጄ አንዱ መስመር ላይ ቀረ። የልጃቸው ነበር።

ስደርስ ማኅደሩ ፊታቸው ተዘርግቷል። የልጁ ፎቶ ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ቀና ብሎ ያያል። ወረቀቶቹን አስተካክለው በወስፌ በስተዋቸዋል፤ ክሩ ብቻ ነው የቀረው።

«አባባ፣ ይማሩኝ። ስሙን አላየሁም። አሁኑኑ ወደ መደርደሪያው ልመልሰው።»

«ደንቡ ምን ይላል?»

«አምስት ዓመት።»

«ስንት ሞላው?»

«አምስት ዓመት ከሁለት ወር።»

«እንግዲያ የት ላይ ነው የተሳሳትሽው?»

ማኅደሩን ላነሳ ጎንበስ አልኩ።

«ብትመልሺውም ከርሞ ይመጣል» አሉ። «እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ይመጣና የማያውቀው ሰው ይሰፋዋል። ነይ ልጄ፣ እዚህ ቁሚልኝ። ያንን ሰዓትም አጥፊው።»

ሰዓቱን አጠፋሁ። ድስቱን ጣዱ። እንደ ጥንቱ ቆመው «አባታችን ሆይ» አሉ። ያቺ ቃል ዘንድ ሲደርሱ ዝም አሉ። ሙጫው ጠርዝ ጠርዙን መቅለጥ ጀመረ፤ ከዚያ መሐሉ ተንተከተከ። እጄን ወደ ምድጃው ልሰድ ስል እጃቸውን አነሡብኝ። ቆየና «ፈቃድህ ይሁን» የሚለው ቃል ወጣ። ድምፃቸው እንደ ሰባራ ሸክላ ነበር፤ ወጣ ግን። የቀረውን ጨረሱ። ሰዎቹን በየተራ አነሡ፤ ታይፒስቷን እንኳ አልረሱም። በመጨረሻም፣ «ልጄንም፣ ባለበት» አሉ። አሜን ሲሉ ሙጫው ለሥራ ደርሶ ነበር።

ጠራዦች ወደፊት ገጽ የሚጨመርበትን መዝገብ ሲሰፉ፣ ከኋላው ጠባብ ጠባብ ባዶ ወረቀት አብረው ይሰፋሉ፤ የሚመጣው ገጽ እዚያ ላይ ይለጠፋል። አባ ሙጫ ከልጃቸው ማኅደር ኋላ እንዲህ ያለ ሦስት ቅዳጅ ጨመሩ።

«አባባ፣ ለዝግ ማኅደር ይኼ አይደረግም።»

«አውቃለሁ። አንቺ እንደ ደንብሽ ዝጊ፤ እኔ ቦታ ልተው።»

ፈረምኩ። በሥራ ዘመኔ እያወቅሁ የተላለፍኩት ደንብ እሱ ብቻ ነው።

ልጁ አልመጣም። ሦስቱ ቅዳጅ ዛሬም ባዶ ናቸው። አባ ሙጫ ግን ከዚያ በኋላ በኖሩት አሥራ አንድ ዓመት፣ በጡረታም እየተመላለሱ ጭምር፣ ሌላ ሰው ሆኑ፤ ወይም የጥንቱ ሰው ተመለሱልን። የደውል ሰዓቱን ለታይፒስቷ ሰጧት። «ውሰጂው፣ ማርፈድሽን ይንገርሽ» ብለው። አንድ ጊዜ ምን እንደ ተለወጠ ጠየቅኋቸው።

«እተኛለሁ» አሉኝ። «በፊት እኔ ካልጠበቅሁት ማን ይጠብቀዋል እያልኩ ነበር የማነጋው። አሁን ጠባቂውን አውቀዋለሁና እተኛለሁ። ናፍቆቱማ አለ፤ ናፍቆት ተኝቼም አይለቀኝ።»

ትናንት የራሳቸውን ማኅደር መዝጋት ነበረብኝ፤ የሞት ማስረጃ የገባበት አምስት ዓመት አይጠብቅም። አዲሱ ማሽን በሁለት ደቂቃ ይጠርዘዋል፤ አልሰጠሁትም። ጠረጴዛቸው ሥር የቀረ ሙጫ አገኘሁ፣ ድስቱን ጣድኩ፣ ቆሜ «አባታችን ሆይ» ጀመርኩ። ያቺ ቃል ዘንድ ስደርስ አቃተኝ። ጭሱ ዓይኔ ውስጥ ሲገባ ነው የነቃሁት።

«ኧረ ምን አረረ?» አለች ታይፒስቷ ከወዲያ።

«ሙጫ ነው።»

«እሳቸውም አሳርረዋል እኮ። እንደ ገና ጣጂው» አለችኝ።

ድስቱን አጥቤ አዲስ ስባሪ ጨመርኩ። ውኃ አፈሰስኩበት። ከመጀመሪያው ጀመርኩ።