የሚታጠፍ ወንበር

በጃንሆይ ዘመን ቡራዩ ውስጥ የአውቶቡስ ወንበር እሠራ ነበር። አንድ ቀን ኦቦ ቶላ የሚባሉ የአውቶቡስ ባለቤት መጡና፣ «መደገፊያውን በስስ ብረት ሥራልኝ። መኪናው ሲጋጭ ከኋላ ያለው ሰው ፊቱ ቢያርፍበት ይታጠፍለት» አሉኝ።

ግራ ገባኝ። «ኦቦ፣ ሰው ጠንካራ ሥራልኝ ይላል እንጂ የሚታጠፍ ይላል እንዴ?»

«አንተ ብቻ እንዳልኩህ ሥራ።»

ባስበው ባስበው አልገባ አለኝ። ቢታጠፍ የምሰደበው እኔ ነኝ ብዬ፣ ከቆዳው ሥር ደበቅ አድርጌ ወፍራም ብረት አስገባሁበት።

ከወር በኋላ ኦቦ ቶላ አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፍነው መጡ። አውቶቡሳቸው ከቆመ የጭነት መኪና ጋር ሲጋጭ፣ እሳቸው ከዚያው ወንበር ኋላ ተቀምጠው ኖሯል።

«ወንበሩስ?» አልኳቸው።

«እሱ ምንም አልሆነም» አሉና ጋቢውን ገለጥ አደረጉ። የፊት ጥርሶቻቸው የሉም።