ከማራኪ እስከ ደባርቅ፣ ከቀይዋ መርፌ ጋር

ቅዳሜ፣ ንጋት 12 ሰዓት፤ ማራኪ

ከጎንደሩ ማራኪ ስንወጣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሁሉ ተኝቷል። የሚነዳው ሰው እኔ ነኝ፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህርት። ከጎኔ አባቴ መሪጌታ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው መሀል አቁመው፣ አንድ ጀሪካን ጠበል እግራቸው ሥር አድርገው ተቀምጠዋል። ማኪናዋ በዕድሜ የምትበልጠኝ ዲኤክስ ናት። ልብስ ቀይራለች፣ ጎማ ቀይራለች፣ መሪ ቀይራለች፤ ጠባይ ግን አልቀየረችም።

ጠበሉ ደባርቅ ላለችው አክስቴ ለየሺ ነው። አባቴና እህታቸው ከተኳረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። አያቴ ደባርቅ ስትሞት አባቴ የደረሱት ከቀብር በኋላ ነበር። አያ ገብሬ የሚባሉ ጎረቤት (አሁን በሕይወት የሉም) «እህትህ ሆን ብላ ነው ያላስጠራችህ» አሏቸው። አባቴም አመኑ፤ የደባርቅን መንገድ ረገጥ አላደረጉም።

ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ሊያስታርቋቸው ሽማግሎች በአክስቴ ግቢ ይሰበሰባሉ። አምናም ቀን ተቆርጦ ነበር። ጠዋት ላይ የአባቴ ልብ ደነደነና «ማኪና ተበላሸብን ብለሽ ደውዪ» አሉኝ፤ እኔም የአባት ቃል ነውና ደወልሁ። ስለዚህ ያን ሰበብ አምና ጨርሰነዋል። ዛሬ ማኪናዋ ከምር ብትቆም የሚያምነን የለም፣ አክስቴም ሌላ ቀጠሮ አልሰጥም ብላለች።

አሳሳቢው ነገር ማኪናዋ ከምር ልትቆም የምትችል መሆኑ ነው። ከሁለት ወር ወዲህ ዳገት ላይ የሙቀት መርፌዋ ቀይ ትገባለች። መካኒኬ ሴንሰሩን ቀየረው። ሴንሰሩ የጣት ጫፍ የሚያህል የናስ ቁራጭ ነው፤ አንገቱን በሞተሩ ውሃ ውስጥ ነክሮ ሙቀቱን በአንዲት ሽቦ ለመርፌዋ ይነግራል። መርፌዋ ደግሞ ቀላች። ሁለተኛ ቀየረው። ሁለቱ የተባረሩ ሴንሰሮች በሩ ኪስ ውስጥ እየተንኳኩ አብረውን ይጓዛሉ።

1 ሰዓት ከሩብ፤ ኮሶዬ

ከገደሉ ጫፍ ብርድ ይመጣል፤ ታች ቆላው ገና ጭጋግ ለብሷል። ዳገቱን ልንጨርስ ስንል መርፌዋ ቀይ ገባች። ሞተር ሲግል ከተነዳ የሞተሩ ራስ፣ ቴስታው፣ ይጣመማል፤ ከዚያ በኋላ ማኪናዋ ለቆርቆሮ እንጂ ለሰው አትሆንም። ዳር ይዤ አጠፋሁ።

«ምነው ቆምሽ?» አሉ አባቴ።

«ጋለች።»

ኮፈኑን ከፍቼ እንድትበርድ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅሁ። በትኩሱ የራዲያተር ክዳን የሚከፍት ሰው ፊቱን የጠላ ነው። ከሁለት ሴቶች የሃያ ብር ቆሎ ገዛን። አላፊ አግዳሚው ሁሉ በነፃ መካኒክ ሆነልኝ፤ ምክሩም አንድ ነው፦ «ውሃ ጨምሪ!» ውሃ አልያዝሁም። ዓይኔ ጀሪካኑ ላይ አረፈ። አባቴ አዩኝ።

«ለሰው የመጣ ጠበል ነው» አሉ። ዳሩ ግን ጀሪካኑን ወደ እኔ ገፉት። «ውሰጂው፤ ማኪናዋም ታማለች። ብንቀር ይብሳል።»

ልቤ ተነካ። ክዳኑን በጨርቅ ይዤ ስከፍት ራዲያተሩ እስከ አፉ ሙሉ ነው፤ ለአንድ ማንኪያ ቦታ የለውም።

«ታዲያ ምን ጎደላት?» አሉ አባቴ ጀሪካኑን እየመለሱ።

የፊዚክስ መምህርት መሆኔን እዚህ ላይ ብትረሱልኝ ደስ ይለኛል። አስነሳሁ፤ መርፌዋ እንደ ጨዋ መሀል ላይ ቆመች።

2 ሰዓት ተኩል፤ አምባ ጊዮርጊስ

ከተማው መግቢያ ላይ ዘላ ቀይ ገባች። ድንች የጫነ የጭነት ማኪና አጠገብ ቆምሁ። ስልኬ ጮኸ፤ የሽማግሎቹ አለቃ ናቸው።

«መምህርት፣ ዛሬም ማኪና ተበላሸ እንዳትዪኝ።»

«መንገድ ላይ ነን» አልሁ። ውሸት አይደለም፤ መሀል መንገድ ላይ ነን።

የጭነት ማኪናው ሾፌር ፀጉራቸው የነጣ ሰው ናቸው፤ ሰው ሁሉ አያ ደሴ ይላቸዋል። ለአባቴ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱና ኮፈኑ ሥር ገቡ። መጀመሪያ መዳፋቸውን ወደ ራዲያተሩ ቱቦ አስጠጉ፤ ቀጥለው ጨበጥ ጨበጥ አደረጉት።

«ይህ የጋለ ሞተር አይደለም፤ ቱቦው በእንፋሎት አልተወጠረም፣ ሽታም የለው። ልጄ፣ መርፌዋ ስትወጣ ቀስ እያለች ነው ወይስ ዘላ?»

«ዘላ።»

«ብረት ዘሎ አይግልም።»

ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ ሙቀት የተማርሁትና ያስተማርሁት በሦስት ቃል አለቀ። አያ ደሴ ከሴንሰሩ አናት ላይ ሽቦውን ነቀሉና «ቁልፉን ብቻ አዙሪ፤ አታስነሺ» አሉኝ። አዞርሁ። መርፌዋ ቀይ ላይ ናት።

«ሴንሰሩ ከተነቀለ ታዲያ ማን ነው የሚናገረው?» ብለው ሳቁ።

ሽቦውን በጣታቸው እየተከተሉ ሄዱ። ከባትሪው ጀርባ፣ ከብረት ማቀፊያው ሥር፣ ልባሱ ተፍቆ መዳቡ ወጥቷል። ዳገት ላይ ሞተሩ ሲዘነበል መዳቡ ብረቱን ይነካል፤ የነካ ጊዜ መርፌዋ ቀይ ትሆናለች። አሁን ደግሞ ጭራሽ ተጣብቋል። ሽቦውን አላቀው በሚያጣብቅ የሽቦ መጠቅለያ፣ በናስትሮ፣ ጠቀለሉት። መርፌዋ ወረደች።

«ሴንሰሩ ሸጋ ነው። መልክተኛው ነው የዋሸብሽ» አሉ እጃቸውን እየጠረጉ። «ስንት ቀየርሽ?»

«ሁለት።»

«አይ ልጄ!»

ምስጋና እንጂ ሌላ ነገር አልቀበልም አሉ፤ የአባቴን ምርቃት ግን ቆባቸውን አውልቀው ተቀበሉ።

3 ሰዓት ከሃምሳ፤ ዳባት

አልቆምንም። ግራ ቀኙ የገብስ ማሳ ነው፤ አህያና ባጃጅ መንገዱን ተካፍለውታል። መርፌዋ መሀል ላይ ናት። ከዳባት ስንወጣ አባቴ በሩ ኪስ ውስጥ ወደሚንኳኩት ሴንሰሮች ዞሩ።

«እነዚህን ስታስቀይሪ ሽቦውን ማን አየው?»

«ማንም።»

«ምነው?»

«ቀዩን ሳይ ጥፋቱ የሴንሰሩ ነው ብዬ አመንሁ።»

መቋሚያቸውን አጥብቀው ያዙና ወደ መስኮቱ ዞሩ። የበረዳቸው መስሎኝ መስታወቱን ይዝጉት አልኋቸው።

4 ሰዓት ከሩብ፤ ደባርቅ

ደባርቅ እንደ ወትሮዋ ነፋስ አላት። ከአክስቴ ግቢ ስንገባ ሽማግሎቹ አምስት ናቸው፤ ሁለቱ ጋቢያቸውን አጣፍተው ለመሄድ ተነሥተዋል። አክስቴ የሺ በሩ ላይ ቆማለች፤ ሰላምታ የላትም። የሽማግሎቹ አለቃ «እንግዲህ በስመ አብ ብለን…» ሲሉ አባቴ እጃቸውን አነሡ።

«ይቆዩኝ።» ሳይቀመጡ ወደ እህታቸው ዞሩ። «የሺ፣ በአንድ ሰው ቃል ስድስት ዓመት ፈረድሁብሽ። አንቺን ግን አንድ ቀን አልጠየቅሁሽም። ዛሬ ልጠይቅሽ፤ እማዬ ስታጣጥር ሰው ልከሽብኝ ነበር?»

አክስቴ ከበሩ አንድ እርምጃ ወደ እሳቸው ቀረበች።

«ማን ነው አልላከችም ያለህ?»

«አያ ገብሬ፤ ነፍሱን ይማረውና።»

«የላክሁት እኮ እሱኑ ነበር» አለች። «ጎንደር ወርጄ አጣሁት አለኝ። ለአንተ ምን እንዳለህ ምን አውቄ? ስትጠይቀኝ ልነግርህ ስድስት ዓመት ጠበቅሁ፣ ወንድምዓለም።»

ሽማግሎቹ ያዘጋጁት ንግግር ሁሉ ሳይነገር ቀረ። አባቴ መቋሚያቸውን ጣሉት። ከልጅነቴ ጀምሮ መቋሚያቸው መሬት ወድቆ አይቼ አላውቅም። ወደ እሷ እየሄዱ፣ ዞር ሳይሉ፣ «ልጄ፣ ጠበሉን አምጪው» አሉኝ።

ወደ ማኪናዋ ሄድሁ። ኮሶዬ ላይ ልደፋው የነበረው ጠበል ጠብታ ሳይጎድልበት እንደሞላ ነው። ተሸክሜው ስመለስ አባቴና አክስቴ አንድ ጋቢ ውስጥ ገብተው ያለቅሳሉ። ጀሪካኑን አስቀምጬ እኔም አለቀስሁ።