የግዛቸው ሳክስፎን ያለበት ሸክላ

ደሳለች ሰባ ዓመት አልፏታል፤ በዕድሜዋ ሙሉ የሙዚቃ ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም ነበር። ሽሮ ሜዳ ላይ የሚያውቃት ሁሉ የሚያውቃት በጥበብ ልብስ ሱቋና በጸሎቷ ነው። ሱቁን አሁን ልጇ ኢየሩ ይዛዋለች። ጸሎቱን ግን ለማንም አላስረከበችም፤ በቤተ ክርስቲያኗ የእናቶች ጸሎት መሪ እስካሁን እሷው ናት፣ እሷ «አሜን» ሳትል ነጠላዋን አጣፍታ የምትነሳ ሴት የለችም። እንዲህ ያለች ሴት ባሏ በሞተ በዓመቱ ዘፈን ፍለጋ ስትዞር ብትታይ ምን ይባላል? ይህንኑ እያሰበች በየሄደችበት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ትከናነባለች። ሰው አይለየኝም ማለቷ ነው እንግዲህ፤ ያ ሁሉ ሸማኔ ባለበት ሰፈር በነጠላዋ ጥለት የማይለያት ያለ ይመስል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ ግዛቸው ሳያገባት በፊት ሳክስፎን ነፊ ነበር። በአንድ ቴአትር ቤት ትልቅ ኦርኬስትራ ውስጥ፣ አሥራ ምናምን ሰው ተደርድሮ በሚጫወትበት መሀል፣ ከኋላ ረድፍ ተቀምጦ ይነፋል። ከፊት ቆሞ የሚዘፍነው ካሣዬ አንበርብር ነው፤ ያኔ ገና ጎረምሳ፣ ኋላ አገር የሚያውቀው ድምፃዊ የሆነው። ግዛቸው ቀጨኔ ውስጥ ከደሳለች ቤተሰብ አጠገብ ቤት ተከራይቶ ሳለ አያት፣ ወደዳት፣ ሽማግሌ ላከ። አባቷ ወንጌላዊ ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን በዚያ ዘመን ለሳቸው ሳክስፎን ማለት የዳንኪራ ቤት ዕቃ ነው። «ልጁ ጨዋ ነው። ጡሩምባውን ይተውና ልጄን ይውሰድ» አሉ። ግዛቸው ቀጠሮ እንኳ አልጠየቀም። መሣሪያውን ለቴአትር ቤቱ መለሰ፣ ጌታን ተቀበለ፣ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጥሮ ደሳለችን አገባ።

ሙሽራ ሳለች አንድ ቀን «አይቆጭህም?» ብላ ጠይቃዋለች።

«ምኑ ይቆጨኛል? ድሮም የምረባ ነፊ አልነበርኩም» አላት።

እሷም አመነችው። ሲነፋ ሰምታው አታውቅማ! እናትና አባቷ ቤት ሬዲዮ የሚከፈተው ለዜና ብቻ ነበር፤ ዘፈን ሲጀምር አባቷ ተነስተው ይዘጉታል።

ዓመታት ሄዱ፣ ዘመን ተገለባበጠ፣ ሳክስፎን ራሱ ቤተ ክርስቲያን ገባ። አሁን እሑድ እሑድ መድረኩ ላይ ከኪቦርዱ ጎን ይነፋል፤ ደሳለችም እንደሌላው ሰው እጇን አንስታ ታመልካለች። ግዛቸው አጠገቧ ተቀምጦ ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ ቀስ አድርጎ ያንቀሳቅስ ነበር። «አንተም ሄደህ ሞክር እንጂ፤ ዛሬ ማን ይከለክልሃል?» ትለዋለች። «ተይኝ እባክሽ፤ ከዚያ ሁሉ ሰው አንዱ ነበርኩ፣ ብቀርም የሚያውቅ የለም» ይላታል። አሁንም ታምነዋለች። እውነቱን እንናገር ከተባለ ማመኑ ይቀላት ነበር።

ሊሞት ሰሞን ሆስፒታል ተኝቶ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ለብቻዬ የነፋሁት በአንድ ዘፈን ብቻ ነው» አላት። «ካሣዬ ‹ዶፉ ሲያባራ› ብሎ የዘፈነው አለ አይደል? እሱ ላይ፣ ከሁለተኛው አዝማች በኋላ። ዋናው ነፊ ታሞ ነው እንጂ ለኔ የሚሰጥ አልነበረም።» ይህን ብሎ ፈገግ አለ። ደሳለች የዚህን ሰው ፈገግታ ሁሉ አውቃለሁ ትል ነበር፤ ይህንን ግን አይታው አታውቅም። ስለማይረባ ነገር ሰው እንደዚያ ፈገግ አይልም።

ከቀብሩ በኋላ ፈገግታው አላስቀምጥ አላት። የምትፈልገው ያቺን ቁራጭ መስማት ብቻ ነው። ግዛቸው እንዳለው ተራ ነፊ ሆኖ ቢገኝ እፎይ ትላለች፤ ለሷ ብሎ የተወው ነገር ትንሽ ነበር ማለት ነው። ተራ ካልሆነስ? እዚህ ላይ ስትደርስ ሐሳቧን ወደ ሌላ ነገር ታዞረዋለች።

መጀመሪያ የሄደችው ጎረቤቷ የሺ ዘንድ ነው። የሺ ካሴት አላት፤ የካሣዬም አላት። ችግሩ ደሳለች የሄደችው በሁዳዴ መሆኑ ነው። የሺ ጾም ሲገባ ካሴቶቿን በሙሉ በጨርቅ ቋጥራ ቁም ሳጥን ላይ ትሰቅላለች፤ ከፋሲካ በፊት ቢለምኗትም አታወርድም። «ያንቺ ቤተ ክርስቲያን ዘፈን ዓመቱን ሙሉ ይከለክላል፣ አንቺ ደግሞ በሁዳዴ መጥተሽ ታስቺኛለሽ!» ብላ ሳቀችባት። ደሳለች ፋሲካን እንዲያ በጉጉት ጠብቃ አታውቅም። በዓሉ ዋለና የሺ ካሴቱን ከፈተች። ሁለተኛው አዝማች አለቀ፤ ካሣዬ ወዲያው ሦስተኛውን ግጥም ቀጠለ። ካሴቱን ያሳተመው ሙዚቃ ቤት ብዙ ዘፈን ለማጨቅ ብሎ የዘፋኙ ድምፅ የሌለበትን ቦታ ሁሉ ቆርጦ ጥሎታል።

«ሙዚቃው ምን ያደርግልሻል? ቁም ነገሩ ግጥሙ ላይ አይደል?» አለች የሺ።

ደሳለች ምክንያቷን ሳትነግራት ወጣች። ለኢየሩ ግን ነገረቻት፤ ለብቻዋ እንደማትችለው ገብቷታል። ኢየሩ ጨርቅ ልታመጣ መርካቶ በወረደችበት ሲዲ ይዛላት መጣች። ሽፋኑ ላይ «የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች» ተብሎ ተጽፏል፣ የካሣዬም የጉርምስና ፎቶ አለበት። ውስጡ ግን ሌላ ነው፤ ካሣዬ ካረጀ በኋላ ዘፈኖቹን እንደገና የተጫወተበት ነው። ያን ሁሉ ነፊና መቺ አንድ ኦርጋን ጠቅልሎ በልቶታል። ይህን ያደረገ ነጋዴ ሌሊት እንቅልፍ ይወስደው ይሆን? ይወስደዋል፤ እንደሱ ያለ ሰው ደህና አድርጎ ይተኛል።

ሳምንት ሳይቆይ ኢየሩ ስልኳን ይዛ እየሮጠች ገባች። «እማዬ፣ አገኘሁት! ዋናው ነው፣ ሙሉው!»

እውነትም ዋናው ነበር። ኦርኬስትራው ሲገባ ደሳለች ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። ሁለተኛው አዝማች አለቀ፣ የሳክስፎኑ የመጀመሪያ ድምፅ ብቅ አለ፣ እዚያው ላይ አንድ ድምፀ ጎርናና ሰውዬ «ውድ ተመልካቾቻችን፣ ይህንን ቻናል ሰብስክራይብ፣ ላይክ፣ ሼር ማድረግ እንዳይረሱ!» ብሎ አንባረቀ። ዘፈኑ እንዳይሰረቅበት ብሎ ድምፁን የለጠፈው ሙዚቃው ብቻውን በሚሄድበት ቦታ ነው። ንግግሩን ጨርሶ ዝም ሲል ካሣዬ ሦስተኛው ግጥም ላይ ደርሷል።

«አፍህ ይዘጋ!» አለች ደሳለች። ከአፏ እንዲህ ያለ ቃል ሲወጣ ኢየሩ ሰምታ አታውቅም። ለዚህችም እናትየዋ ማታ ተንበርክካ ንስሐ ገባች።

ኢየሩ ከዘፈኑ ስር ሰዎች የጻፉትን ስታነብ አንዱ እንዲህ ብሏል፦ ፈረንጆች የካሣዬን የድሮ ዘፈኖች በሸክላ አሳትመዋቸዋል፤ ሸክላ ሻጩ ኑሕ ዘንድ ይገኛል። ኑሕ ሱቁ ፒያሳ ነበር፤ ሲፈርስ ወደ አዲሱ ገበያ ተዛውሯል። በማግስቱ ደሳለች ታክሲ ተሳፍራ ብቻዋን ሄደች። ኢየሩ ልከተልሽ ብትላት እምቢ አለቻት። ምን እንደምትሰማ አታውቅም፤ ስትሰማ ፊቷ ምን እንደሚሆንም አታውቅም።

ኑሕ አምሳ የሚሆነው፣ ከሰው ይልቅ ለሸክላ የሚጠነቀቅ ሰው ነው። የፈለገችውን ስትነግረው ሁለት ሸክላ አወጣ።

«ሁለት ጊዜ ታትሟል እማማ። ይኼኛው ካረጀ ሸክላ ላይ የተገለበጠ ነው፤ ቆሎ የሚቆረጥም ሰው አጠገብዎ የተቀመጠ ይመስልዎታል። ይኼኛው ግን ከዋናው ቴፕ የተወሰደ ነው። አልተቆረጠም፣ አልተነካካም። ቤትዎ ማጫወቻ አለ?»

«የለኝም። እዚሁ አሰማኝ ልጄ።»

ኑሕ ሸክላውን ጠርጎ መርፌውን አስቀመጠላት። ደሳለች በርጩማ ላይ ተቀመጠች። አንድ ግጥም፣ አንድ አዝማች፤ ሁለተኛ ግጥም፣ ሁለተኛ አዝማች። ከዚያ ሌላው ሁሉ ዝቅ አለና ሳክስፎኑ ብቻውን ቀረ።

ሲጀምር በጣም ለስላሳ ስለነበር «በቃ ይኸው ነው» ብላ ልትጽናና ነበር። ከዚያ ተነሳ። ቤት ውስጥ ግዛቸው ካልጠየቁት የማይናገር፣ ሲጠየቅም ባጭሩ የሚመልስ ሰው ነበር። ይኼ ግን ያወራል። ያባብላል፣ ይቀልዳል፣ ይለምናል፣ ተቆጥቶ ድምፁን ከፍ ያደርግና መልሶ ይታረቃል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አይቸኩልም። ከበሮ መቺው እንኳ እሱን ለመስማት ዝግ አለ። ሲጨርስ ከኦርኬስትራው አንዱ፣ እየተቀዱ መሆኑን ረስቶ፣ «እሰይ!» ብሎ ጮኸ።

«ሰሙት? ያችን ‹እሰይ› ሌላው ኅትመት ላይ አያገኟትም» አለ ኑሕ።

ደሳለች ነጠላዋ ከራሷ ላይ ወርዷል፤ አላወቀችም። «ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ይኼ ሰው ጥሩ ነፊ ነበር?»

«ጥሩ?» ኑሕ ሳቀ። «እዚህ ከሚመጡት ግማሾቹ ከካሣዬ ይልቅ የሚጠይቁኝ ስለሱ ነው። ይኼ ማነው? ይላሉ። ስሙ አልተጻፈማ። ከዚህ በኋላ የትም ሸክላ ላይ የለም። እንዲህ እየነፋ መቼም በፈቃዱ አይተውም፤ በልጅነቱ ሞቶ መሆን አለበት እንላለን።»

«አልሞተም» አለች ደሳለች። «አግብቶ ነው።»

ኑሕ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ፤ ፊቷን ሲያይ ግን ተወው። ግራ ስለገባው ሳትጠይቀው መርፌውን መልሶ አስቀመጠና እንደገና አሰማት።

ደሳለች አለቀሰች። ለቅሶው የቀብሩ ለቅሶ አልነበረም። ናፈቃት፤ አብራው የኖረችው ግዛቸውም ናፈቃት፣ ይኼ ሳታገኘው የቀረችው ወጣትም ናፈቃት። ውሸቱ ሁሉ አሁን ገባት። እንዳይከብዳት ብሎ ዕድሜ ልኩን ሲዋሽላት ኖሯል። እሷ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሻይ ላቀበላት፣ ወንበር ላስጠጋላት፣ በር ለከፈተላት ሁሉ «ተባረክ» ስትል የኖረች ሴት፣ ለዚህ ነገር ባሏን አንድም ቀን አላመሰገነችውም። ትንሽ ነገር ነው ብሏታላ። ለትንሽ ነገር ማን ያመሰግናል?

ሳክስፎኑ ሁለተኛ ጊዜ ሲያበቃ ቀና አለች።

«ተባረክ» አለች፣ ፊቷን ድምፁ ወደወጣበት አዙራ። «ተባረክ፣ የኔ ጌታ።»

«አሜን እማማ» አለ ኑሕ፣ መርፌውን እያነሳ።